ፋይሉ ተጭኗል፣ ተማሩ!

ከፊሉ ክፍል ውስጥ፣ ከፊሉ ኦንላይን የሚሰጠውን የቅይጥ ትምህርት ምስጢር የደረሱበት የዩኒቨርሲቲ መምህራን እጃቸው ይባረክ። የቱ ክፍል ውስጥ ይሠራ፣ የቱ ኦንላይን ይሁን ብለው እንቅልፍ አያጡም። የ2 ሰዓቱን ሌክቸር በዙም ይቀዱታል፤ ከስላይዱ ጋር ሙድል በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ይጭኑታል፤ በቃ። ተማሪው ክፍል መጥቶ የሰማውን ቤቱ ገብቶ ይደግመዋል። ይኸው ተቀየጠ!

ቪዲዮ መቆራረጥማ ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪው ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ ተማሪን ይዘው የሚያቆዩት ከ6 ደቂቃ ያነሱት ናቸው ብለው ነበር። የኛ ሊቃውንት የ20 ቪዲዮ ያህሉን በአንድ ትንፋሽ ይለቁታል፤ ቸርነት ነዋ! ደግሞ ምኑም አልተቀነሰበትም። መግቢያው «ይሰማል? ስክሪኑ ይታያል?» ነው። መሐል ላይ ማይኩን መዝጋት የረሳ ተማሪ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል። ዋናው ስሌት ሲደርስ መምህሩ «ይቺን ተመልከቱ» ይላሉ፤ ይቺ ግን የተጻፈችው ግድግዳው ሰሌዳ ላይ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ፊታቸው ላይ ነው።

ፋይሉ ጊጋባይት ቢያልፍስ? ድምፁን ለብቻው በሰከንድ 64 ኪሎቢት፣ በሞኖ (በአንድ ቻናል) ቢያወጡት 2 ሰዓቱ 60 ሜጋባይት አይሞላም፤ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። ግን ያኔ ተማሪው «አልወርድ አለኝ» የሚላትን ሰበብ ሊያጣ ነው። ይህን ያህል መጨከን ደግሞ አይገባም።

ማንበቢያው በስልክ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ መጽሐፍ ነው። ፎቶ ስለሆነ ቃል አይፈለግበትም፤ ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነበው ሶፍትዌርም ዝም ይላል። ፎቶን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ሶፍትዌር (ኦሲአር) ውስጥ ቢያሳልፉት ጽሑፉ ነፍስ ይዘራ ነበር፤ ይሁንና የቀመሩን ግማሽ የጋረደውን አውራ ጣት ኦሲአርም አያነሳው፣ ምን አደከማቸው?

የሙድሉ ሪፖርት ሲታይ ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው። «ተጠናቀቀ» የምትለዋ ምልክት ገጹ ሲከፈት ብቻ እንድትበራ ተደርጋለች። ማለፊያ ውጤት እስኪመጣ አትብራ የሚል ምርጫ እዚያው ቅንብሩ ውስጥ አለ፤ እሱን መንካት የሰው ሪፖርት ማበላሸት ነው።

የፈተናው ዘዴማ ለብቻው ሽልማት ያሻዋል። 20 ጥያቄ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ ለ24 ሰዓት ክፍት! የሙድሉ ጥያቄ ማከማቻ (ባንኩ) ውስጥ 60 ጥያቄ አስገብቶ ለእያንዳንዱ ተማሪ 20 በዕጣ እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻል ነበር። ግን የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1989 የርቀት ተማሪ ከትምህርቱ፣ ከመምህሩና ከተማሪ ጓደኛው ጋር መገናኘት አለበት ብሎ ጽፏል። ሁለቱን ለጊዜው እንተዋቸው፤ ሦስተኛው ግን ቀድሞ የተፈተነው ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ላይ ሲለቅ ምንኛ ይሰምራል!

የውይይት መድረኩም ሕያው ነው። ሊዘጋ 2 ደቂቃ ሲቀረው «በሐሳብሽ እስማማለሁ፣ ጥሩ ነጥብ ነው» የሚሉ መልሶች ይዘንባሉ።

ገለጻው በአጫጭር ቪዲዮ ቀድሞ ይላክ፣ የክፍሉ ሰዓት ለጥያቄና ለመልመጃ ይዋል የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች መዘዙን አላዩም፤ ተማሪው ተዘጋጅቶ መጥቶ ቢጠይቅስ? ከዚህ ሁሉ ጣጣ ስላይዱን ማንበብ ይሻላል፤ ያልገባው ካለ ቀረጻው ማታ ይጫናል።