ለስምንት ሰከንድ ዳኞች የቀረበ ምስጋና

ቀለበት፣ ኳስ ወይም ሪባን ይዘው በሙዚቃ በሚወዳደሩበት ሪትሚክ ጂምናስቲክ፣ ጃፓናዊቷ ካሆ ሚናጋዋ እ.ኤ.አ. በ2017 በጣሊያኗ ፔሳሮ በቀለበት የነሐስ ሜዳሊያ ስትወስድ፣ ጃፓን በዓለም ሻምፒዮና የግል ሜዳሊያ ካገኘች 42 ዓመት አልፎ ነበር። የጂምናስቶችን ትርኢት ቆራርጣችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ የምትለጥፉ፣ እናንተ የተከበራችሁ የቪዲዮ ዳኞች ግን በዚህ ተራ ወሬ ጭንቅላታችሁን አታስቸግሩም። ደግ አደረጋችሁ!

አሠራራችሁ በእውነቱ ያስቀናል። የአንዲት ጂምናስት የግል ትርኢት ከ75 እስከ 90 ሰከንድ ይፈጃል፤ እናንተ ጊዜ ቆጣቢዎች ናችሁና ስምንቷን ሰከንድ ብቻ ታስቀራላችሁ፣ እግሯ ከጆሮዋ በላይ የወጣባትን። ፍጥነቱን በግማሽ ትቀንሳላችሁ። ሙዚቃዋን አጥፍታችሁ የሰሞኑን ዘፈን ትለጥፉበታላችሁ (የውድድሩ ዳኞች እንቅስቃሴዋ ከሙዚቃው ጋር ባልገጠመ ቁጥር ነጥብ ይቀንሳሉ፤ ሞኞች ናቸው)። በመጨረሻም ሪባኑ ከምስሉ እስኪወጣ ድረስ ዙም ታደርጋላችሁ። እሰይ! 6 ሜትር ጨርቅ እይታ ከመጋረድ ሌላ ምን ይጠቅማል?

ሪባኑ 35 ግራም ነው፣ የሚታሰርበት ዘንግ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር። የእጅ አንጓዋ ለቅጽበት ካረፈ ጫፉ ምንጣፉ ላይ ይወድቃል፣ በራሱ ላይ ይደራረባል፣ ይቋጠራል። ከአየር ማቀዝቀዣ የሚመጣ ነፋስ እንኳ ከመንገዱ ያወጣዋል። ከእጇ አምልጦ አንድ ሁለት እርምጃ ሄዳ ካነሳችው 0.7 ይቀነስባታል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከተራመደች ሙሉ 1 ነጥብ። ይህ ሁሉ ግን እናንተ ከቆረጣችሁት ክፍል ውስጥ ስለሆነ አያሳስብም።

«አጥንት የላትም» የምትለዋ ትንተናችሁማ ልዩ ናት። በሕጉ መሠረት እግር ማንሳት ብቻውን ዜሮ ነው። ሚዛኗን ጠብቃ ቅርጹን አንድ ሰከንድ መያዝ አለባት፤ በዚያችው ሰከንድ ኳሱን ማንከባለል፣ ቀለበቱን ማሽከርከር ወይም ሪባኑን ማዞር አለባት። መሣሪያው ዝም ካለ የዳኛው ብዕርም ዝም ይላል። እናንተ ግን ለጋሶች ናችሁ፤ መሣሪያውን አውጥታችሁ ለእግሯ ብቻ ሙሉ ነጥብ ትሰጣላችሁ፣ ከሦስት የእሳት ምልክት ጋር።

የጃፓን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በባኩ፣ በአምስት ኳስ ወርቅ ሲወስድ ዝም ማለታችሁም ይገባናል። አምስት ሰው በአንድ ዙም አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ከሌሎች የስፖርት ተቋማት ጋር ሆኖ፣ የአትሌቶችን ሰውነት ለወሲባዊ ዓላማ እየቀረጹ የሚያሰራጩትን የሚያወግዝ መግለጫ አውጥቷል። እናንተን አይመለከትም፣ ምን በወጣችሁ! እናንተ የስፖርት ወዳጆች ናችሁ፤ ዙሙ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ማረፉ የስልኩ ችግር ነው።