እርማት፦ የጤና መድን አባል «በነጻ» አይታከምም

ወንድም ዓለም፣ «ጤና ጣቢያው ለመድን አባል መድኃኒት የለም የሚለው ከእሱ ሳንቲም ስለማያገኝ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ማለትም ገበሬውና ሌላው ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው እያዋጣ የሚታከምበት መድን፣ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አባሉ የመድን ደብተሩን ያሳያል። ካርድ ክፍል ቁጥሩን ይመዘግባል። ምርመራው፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ ዋጋው ሁሉ ይጻፋል። ጤና ጣቢያው ይህን ሰብስቦ፣ በአብዛኛው በየሩብ ዓመቱ፣ ሒሳቡን ለመድኑ ይልካል። መድኑ አጣርቶ ይከፍላል። ገንዘቡም አባላት በየዓመቱ ያዋጡት ነው፤ መንግሥት ይደጉመዋል።

ችግሩ መዘግየቱ ላይ ነው። ከኪሱ የሚከፍል ታካሚ እዚያው ይከፍላል፤ የመድኑ ብር ግን ወራት ሊቆይ ይችላል። ሲጓተት ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ያጥረዋል። ያኔ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ወረቀት ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፣ ዳግም ከኪሱ ያወጣል። ይሄ ያንገበግባል!

መድኑ በአባላቱ ቁጥር፣ በነፍስ ወከፍ አስልቶ ለጤና ጣቢያው ቀድሞ መክፈሉ ይህን ያቃልላል። ግን ብሩን ቀድሞ የያዘ ተቋም ሕክምናውን እንዳይቆጥብ ቁጥጥር ይፈልጋል። ደግሞ የደመወዝተኛው መድን ለዚያው ሕክምና ከገበሬው መድን የበለጠ የሚከፍል ከሆነ፣ ገበሬው ወደ ኋላ መገፋቱ አይቀርም። ከፋዩ ማንም ይሁን ማን፣ ለአንድ ሕክምና አንድ ዋጋ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።