ሃምሳ በሠላሳ ሜትር ብቻ

ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ኳስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚማረው መምታት አይደለም። ቁልቁለቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው።

እኛ ሰፈር ሜዳችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለ ክፍት ቦታ ነበር። ሜዳ ያልኩት ለወጉ ነው። አንዱ ጎን ከሌላው በአንድ ክንድ ዝቅ ይላል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ከታች ጉድባ አለ። ኳሷ እዚያ ከገባች ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ጨዋታ የለም። ስለዚህ ሕግ ነበረን፤ የለጋ ያመጣል። ሕጉ አላዋጣ ሲል ደግሞ አንድ ልጅ ጉድባው አፋፍ ላይ እናቆማለን። ሁሌም ትንሹ ልጅ ነው የሚቆመው፤ "ነገ አንተም ትገባለህ" እየተባለ። እኔም ሁለት ክረምት ሙሉ ጉድባ ጠብቄያለሁ።

የምንጫወተው አምስት ለአምስት ነው፤ ሰው ከበዛ ስድስት ለስድስት። ሃያ ሁለት ሰው የሚያሯሩጥ ሜዳ ከየት ይምጣ? ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አናውቅም። ሦስት ኮርና አንድ ፔናሊቲ ነው። የገባበት ይወጣል፣ ውጭ ተቀምጦ የሚጠብቀው ቡድን ይገባል።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ይዘን የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን ስልኩ ላይ የስድስት ለስድስት ብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ያያል። "የዓለም ዋንጫ ነው" አለን። ሌላው ሳቁ አመለጠው። "ይሄ የኛ ሰፈር ጨዋታ? የምን የዓለም ዋንጫ?"

ነው እንጂ። ሶካ ይሉታል። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2018 ሊዝበን ላይ ተካሄደ፤ ጀርመን በፍጻሜው ፖላንድን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በዓመቱ ግሪክ ውስጥ፣ ቀርጤስ ደሴት ላይ ተደገመ። ሩሲያ አሸነፈች፤ የተሸነፈችው አሁንም ፖላንድ ናት፣ 3 ለ 2። (ፖላንዶችን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ፍጻሜ ላይ መሸነፍ ምን እንደሚመስል ጎረቤት ሰፈር ይጠየቅ።) ከኮሮና በኋላ በ2022 ቡዳፔስት፣ በ2023 ደግሞ የጀርመኗ ኤሰን አስተናገዱት።

ጨዋታው አምስት ሰውና አንድ በረኛ ነው። ግማሹ 20 ደቂቃ ነው። ተቀያሪ እንደፈለገ ይገባል፣ ይወጣል። ኦፍሳይድ የለም። ይኸው ነው። የኛው ጨዋታ ነው፤ የጎደለው ጉድባው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ልያዝ። "የዓለም ዋንጫ" የሚለው ስም ብዙ ሰው ያደናግራል። ይህ የፊፋ ውድድር አይደለም። ፊፋ የራሱ የትንሽ ሜዳ ውድድር አለው፤ ፉትሳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሆላንድ ላይ ጀምሮ እስካሁን አለ፤ የ2024ቱን ዋንጫ ብራዚል ኡዝቤኪስታን ላይ አርጀንቲናን 2 ለ 1 አሸንፋ ወስዳለች። ከሶካ ሌላ ደግሞ ሚኒ ፉትቦል የሚባለውን የሚመራ ተቋም የራሱን የዓለም ዋንጫ ያዘጋጃል። የዚያኛውን የእ.ኤ.አ. 2017 ውድድር ያስተናገደችው ቱኒዚያ ናት፤ ዋንጫው የቼኮች ሆነ። በ2019 ደግሞ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ ሜክሲኮ አሸነፈች። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው ተነስቶ "ብሔራዊ ቡድን ይዤ ወደ ዓለም ዋንጫ ልሄድ ነው፣ አዋጡ" ቢላችሁ፣ መጀመሪያ የትኛው ዋንጫ ነው በሉት። ቀጥሎ ማን መረጣችሁ በሉት።

እኔም ቡድን እንላክ ብዬ ለመወትወት አይደለም የተነሳሁት። የቡድኑ ነገር ይቆየን። የኔ ነገር ሜዳ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ። የስድስት ለስድስቱ ሃምሳ በሠላሳ ገደማ ይበቃዋል፤ 1,500 ካሬ። በአንዱ ቦታ አምስት የሚጠጋ ሜዳ ይወጣል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ አዳማ ላለ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ደሴ ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ተራራ ለተራራ ተንጠላጥላ የተሠራች ናት። ሰፊ ሜዳ ሲባል ሁላችንም አፍ ላይ የሚመጣው ሆጤ ነው። ሆጤ ደግሞ የከተማው ሁሉ ነው፤ ለኳሱም፣ ለሰልፉም፣ ለበዓሉም። ከቧንቧ ውሃ ወይም ከሰኞ ገበያ ሰፈር የተነሳ የአሥር ዓመት ልጅ እዚያ ወርዶ ተራ ሊያገኝ አይችልም። ቢያገኝም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ዳገት ወጥቶ ነው።

ኮምቦልቻዎች ይስቁብናል። እውነታቸውን ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ስትደርስ መሬቱ ይዘረጋል። ልጅ ሆነን እዚያ ወርደን ስንጫወት ግማሹ ሳያልቅ ሙቀቱ ያዝለፈልፈናል። እነሱ ወደኛ ሲመጡ ደግሞ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኩል ነን። ግን እነሱም አይኩራሩ። ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ መጋዘኑ፣ የመኖሪያ ቤቱ ሁሉ የሚፈልገው ያንኑ ሜዳማ መሬት ነው። ይሠራ፣ ሥራ ይፈጠር፤ ማን ይጠላል? ግን አንድ ሰፈር ሲሸነሸን አንድ ሃምሳ በሠላሳ ይቀመጥ። ዛሬ ካልተቀመጠ ነገ በካሳ አይገኝም።

"ስታዲየም ይቅደም" የሚሉኝ አሉ። ስታዲየም አልጠላሁም። ግን እስቲ እናስታውስ። ዋልያዎቹ በ2022 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉት የት ነበር? አዲስ አበባ አይደለም፣ ባሕር ዳር አይደለም፤ ማላዊ ነው። በሜዳችን የሚባለውን ጨዋታ ሰው አገር ሄደን የተጫወትነው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን ነው። በ1954 ዓ.ም. በገዛ ከተማዋ ይህንኑ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳች አገር! ያን ቀን እልልም አልኩ፣ አፈርኩም። ትልቁ ስታዲየም ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይበላል። ትንሹ ሜዳ ግን አንድ ዶዘር፣ የድጋፍ ግንብ፣ የውሃ ማፍሰሻ ቦይና ከታች በኩል ረዘም ያለ የሽቦ አጥር ነው። አጥሩን አደራ። የደሴ ሜዳ ያለ አጥር ሜዳ አይደለም።

ሌላው ክርክር የአሠልጣኞች ነው። በትንሽ ሜዳ ያደገ ልጅ ትልቁ ሜዳ ላይ ይጠፋል ይላሉ። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም። ግን ሮናልዲንሆም ኔይማርም ፉትሳል እየተጫወቱ ነው ያደጉት፤ ሲጠፉ አላየንም። ስድስት ለስድስት ስትጫወት ኳስ ቶሎ ቶሎ እግርህ ላይ ትመጣለች። መደበቂያ የለም። አብዶ የምትሠራው ለጭብጨባ ብቻ ሳይሆን መውጫ ስታጣ ነው። ሃያ ሁለት ልጅ ትልቅ ሜዳ ላይ ብትለቅ ግን ግማሹ ኳስ ሳይነካ ይመሻል። በተለይ ታናናሾቹ። ሴቶቹማ ጭራሽ ተራም አይደርሳቸው።

ከከተማው የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያሉትን ክፍት ቦታዎች ቆጥሮ ይመዝግብልን። ካርታ ላይ "ክፍት ቦታ" ሳይሆን "የልጆች ሜዳ" ተብለው ይጻፉ። "ክፍት" የተባለ ቦታ ባለቤት የሌለው እየመሰለ ነው የሚወሰደው። ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜና እሁድ ግቢያቸውን ቢከፍቱ ምን ይጎዳሉ? ጥበቃው ይቆጣል አትበሉኝ፤ ጥበቃውም ኳስ ይወዳል።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው በልጅነት ሜዳዬ በኩል አለፍኩ። ቆርቆሮ ታጥሮበታል። ውስጡ አሸዋና ብሎኬት ተከምሯል። ልጆቹ ከላይ ባለው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ይጫወታሉ፣ ስድስት ለስድስት። "ባጃጅ!" ሲባል ሁሉም ቆመ። የጎሉን ድንጋይ ሁለት ልጆች አነሱት። ባጃጁ አለፈ። ድንጋዩ ቦታው ተመለሰ፤ ጨዋታው ከቆመበት ቀጠለ፤ ማንም አልተጨቃጨቀም።

ከታች፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሸራ ጫማው ለእግሩ ሰፍቶታል። አጠገቡ ቆሜ፣ "አንተስ አትጫወትም?" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝም።

"ጋሼ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ። ኳሷ አልታየችኝም።"