እርማት፦ ቡናማው የዶሮ ኩስ ተቅማጥ አይደለም

«አዲስ የገባች ዶሮ ቡናማ፣ የሚያጣብቅና የሚገማ ኩስ ከጣለች ተቅማጥ ይዟታል፤ ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጡላት» የሚል ምክር ብዙዎች ሲቀባበሉት አየሁ። በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ዶሮ ሁለት ዓይነት ኩስ አላት። አንደኛው ጠጠር ያለ፣ አናቱ ላይ ነጭ ያለበት ነው። ነጩ ሽንቷ ነው። ሌላው ትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ካሉት ሁለት ከረጢቶች የሚወጣ ነው፤ እንደ ወፍራም ሽሮ ያለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ። በቀን ጥቂት ጊዜ ይመጣል፤ የጤና ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ማታ ከቆጡ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት አብዛኛው ጠጠር ያለ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ቡናማ ከሆነ፣ ዶሮዋም መኖዋን ከበላች ምንም አልሆነችም። ቦታ ስትቀይር ስለሚጨንቃት ለአንድ ሁለት ቀን ቀጠን ሊልም ይችላል።

መድኃኒቱ ግን እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ደግሞ ልጆቻችን ይበሉታል። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ቢሆን እንኳ የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ፣ የባክቴሪያ መድኃኒት የሆነው ቴትራሳይክሊን አይነካውም። ደም የቀላቀለ ወይም አረንጓዴ ውሃ የመሰለ ኩስ ካያችሁ፣ ወይም ክንፏን ጥላ መብላት ካቆመች፣ ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።