ማስተካከያ፦ ስለ ቦብ ማርሊ «ሌጀንድ»

«ሌጀንድ» የተባለውን የቦብ ማርሊ የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ የሰሙ ሰዎች አስተያየት ተሰብስቦ ሰሞኑን ሲዞር ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን መታረም ያለበት ነገር አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንደኛው፣ ዘፈኖቹን ማርሊ ራሱ መረጣቸው የሚለው ነው። አልመረጠም። እሱ ያረፈው በግንቦት 1981 ሲሆን ስብስቡን አይላንድ ሬከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያወጣው በ1984 ነው። ስለዚህ ለስላሳ ዘፈን አበዛ ብሎ እሱን መውቀስ ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ለእኛ ቅርብ ነው። «ዋር» (ጦርነት) የተባለው ዘፈን ስብስቡ ውስጥ አለ ተብሏል። የለም! በመጀመሪያው እትም ካሉት 14 ዘፈኖች አንዱ አይደለም። የዚያ ዘፈን ግጥም በአብዛኛው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ሲያጣው ቅር ቢለው አይገርምም፤ እኔንም ቅር ይለኛል። የሚፈልገው ሰው በ1976 የወጣውን «ራስታማን ቫይብሬሽን» አልበም ይክፈት።

«ሌጀንድ» ፖለቲካ የሚባል ነገር የለበትም የሚለውም የተጋነነ ነው። «ጌት አፕ ስታንድ አፕ»፣ «ኤክሶደስ» እና «ሪደምፕሽን ሶንግ» አሉበት እኮ። ሚዛኑ ግን ወደ ፍቅር ዘፈን ያዘነብላል፤ እዚህ ላይ ቅሬታ ያቀረቡት ሰዎች እውነት አላቸው።

ስብስቡ ውስጥ ያለው «ኖ ውማን ኖ ክራይ» ደግሞ በ1975 ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳው እንጂ የ1974ቱ የስቱዲዮ ቅጂ አይደለም።