የፊት ወንበር በቆሮንቶስ መንገድ

የሐዋርያው ጳውሎስን ፈለግ እንከተላለን ብለን ከአውሮፓ ልዩ ልዩ ከተሞች ተሰባስበን ግሪክ የገባን 42 ምእመናን፣ ከአቴና ወደ ቆሮንቶስ የሚወስደውን 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ገና ሳንጀምረው በአውቶቡሱ የፊት ወንበር ተጣላን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ማልደው ነጠላቸውን አኑረውበታል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ወንበሩ ከሹመታቸው ጋር የተሰጣቸው መስሏቸዋል። ወዲያው ግማሻችን የእናታችን፣ ግማሻችን የሊቀ መንበሩ ወገን ሆንን። «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እያሉ ለተከፋፈሉት ቆሮንቶሳውያን የተጻፈውን መልእክት በመንገድ ላይ እንዲያነብልን የተመደበው ዲያቆን፣ ምዕራፍ 1ን ገልጦ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት መረጠ።

ለጊዜው እናታችን አሸነፉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተውን የቆሮንቶስ ቦይ ፎቶግራፍ ለማንሳት ወርደን ስንመለስ ነጠላው ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተሻግሮ፣ ሊቀ መንበሩ ከፊት ዐይናቸውን ጨፍነው ተገኙ። (እንቅልፍ ነው እንዳይባል፣ እጃቸው የወንበሩን ክንድ አጥብቆ ይዟል።) ከኋላ የተቀመጡት ግን በዚህ መሐል የሁላችንን ዳቦ ቆሎ ጨርሰውት ነበር፤ ሐዋርያው በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 አንዱ ሲራብ ሌላው ሳይጠብቀው ይበላል ብሎ የወቀሰውም ይህንኑ ነው።

ጳውሎስ ዓመት ከስድስት ወር በተቀመጠባት ከተማ ለእኛ የተፈቀደልን ሁለት ሰዓት ነው። በአጵሎን ቤተ መቅደስ ቆመው የቀሩትን 7 ዓምዶች በችኮላ አልፈን፣ ሐዋርያው ተከስሶ ወደ ቆመበት የፍርድ ወንበር ደረስን። እዚያም ሁለቱ ወገኖች ጉዳያቸውን ለአስጎብኚያችን፣ ለግሪካዊቷ ወይዘሮ፣ በዲያቆኑ አስተርጓሚነት አቀረቡ። እርሷም በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ51 ገደማ አገረ ገዥ የነበረው ጋልዮስም በዚሁ ስፍራ የሃይማኖት ሰዎች ክርክር ቀርቦለት፣ የራሳችሁን ነገር ራሳችሁ ጨርሱ ብሎ ከሳሾቹን እንዳስወጣቸው አስረዳች።

«ከዚያስ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ከዚያማ የምኩራቡን አለቃ ሶስቴንስን ይዘው እዚሁ ወንበሩ ፊት መቱት፤ ጋልዮስም ግድ አልነበረውም።»

ሊቀ መንበሩ ወንበሩን፣ ቀጥሎም ከእናታችን ወገን የቆሙትን ጎረምሶች አንድ በአንድ አዩ። ወደ አቴና ስንመለስ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከዳቦ ቆሎው ባዶ ፌስታል አጠገብ ተቀምጠው ነበር።