ሬጌቶኑን አታሯሩጡብን!

ወገን፣ ዛሬ ይሄን ካልተነፈስኩት አያስተኛኝም። ያንን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚዘፈን፣ ለስለስ ብሎ ገላ የሚያሞቅ ሬጌቶን ማን ነው አፍጥኑት ያላችሁ? ጂም ስገባ የተፋጠነው፣ ካፌ ስቀመጥ የተፋጠነው፣ ቪዲዮ ስከፍት የተፋጠነው! ጆሮ ስር ታንሾካሹክ የነበረችው ዘፋኝ ድምጿ ቀጥኖ እንደ ሕፃን ትንጫጫለች።

የዚህ ሙዚቃ ስሜት እኮ ያለው እርጋታው ላይ ነው። አብዛኛው በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ምት ገደማ ነው የሚሄደው። ከበሮው ዱም ዱም እያለ እኩል ይረግጣል፤ ስኔሩ (ጠጠር ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ግን ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት በሚል አቆጣጠር በመሃል በመሃል ጣልቃ ይገባል። ወገብ የሚያነቃንቀው እዚያ የሚፈጠረው ክፍተት ነው። ቤዙ ከታች ይጎተታል፣ ዘፋኙ ቃሉን ጨርሶ ትንፋሹን ያሰማና ዝም ይላል። ስታፋጥኑት መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ዝምታ ነው። ትዝታን አፍጥኖ የሚያጫውት ሰው ቢመጣ ዝም እንለው ነበር?

በዚህ ላይ ደግሞ ዲጄዎች (ሁላችሁንም አይደለም) እንግሊዝኛውን ታጫውቱና ስፓኒሹ ሊገባ ሲል ወደ ሌላ ዘፈን ትዘላላችሁ። ስትጠየቁ «ሰው አይገባውም» ትላላችሁ። አረ ተው! ዘፈኑ ውስጥ እሷ በእንግሊዝኛ ትለክፈዋለች፣ እሱ በስፓኒሽ ይመልስላታል፣ አዝማቹ ላይ ሁለቱም ይቀላቀላሉ። መልሱን ቆርጣችሁ ስትጥሉት ብቻዋን የምታወራ ሴት ትቀራለች። ደግሞስ የማይገባው ማነው? እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠርጋችን ላይ ኤልሳልቫዶራውያን የሥራ ባልደረቦቻችንም ይጋበዛሉ። የሚያውቁትን ክፍል ሊዘፍኑ ተዘጋጅተው ሲቆረጥባቸው ፊታቸውን አይቼ አፍሬያለሁ።

ስፓኒሹ እኮ ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ምቱ የተነሳው ዳንስሆል ከሚባለው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ፓናማ ውስጥ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሠራተኞች ዘሮች በስፓኒሽ ዘፈኑበት። ከዚያ ፖርቶ ሪኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የድሃ ሰፈር ልጆች በካሴት እያባዙ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ፖሊስ ብልግና ነው ብሎ ሙዚቃ ቤት እየገባ ካሴቱን ሲወርስ ነበር! ይሄን ሁሉ አልፎ የመጣን ዘፈን እናንተ በአንድ ጣት ትቆርጡታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የሉዊስ ፎንሲና የዳዲ ያንኪ «ዴስፓሲቶ» ጀስቲን ቢበር ተጨምሮበት ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 16 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ ግጥሙ በብዛት ስፓኒሽ ነበር። «አልገባኝም» ብሎ ጭፈራውን ጥሎ የሄደ ሰው እኔ አላየሁም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሙሉውን አጫውቱት፣ በራሱ ፍጥነት። ሰዓት ካጠራችሁ ሌላ ዘፈን ቀንሱ።